ከስንት ሜትር? በምን ላይ?

ካርቱም ውስጥ ቤት የሠራ ሰው ሳጃናን ሳይረግጥ አልጨረሰም። የግንባታ ዕቃ ገበያው ዝናው ከከተማዋ ያልፍ ነበር፤ ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ላሜራ፣ ቀለም፣ ኖራ፣ የቧንቧ ዕቃ፣ ሴራሚክ፣ እዚያው ተለክቶ የሚበየድ በርና መስኮት። ከሳጃና አጠገብ ዴም ነው፤ ሐበሻው ተጠጋግቶ የሚከራይበት፣ ቡናው የሚፈላበት፣ እንጀራው የሚሸጥበት ሰፈር ነበር። በማለዳ ከዴም ከሚወጡት ሴቶች ብዙዎቹ የሚሄዱት ወደ ሰው ቤት ነበር። ያበስላሉ፣ ያጸዳሉ፣ ልጅ ይይዛሉ። «ነበር» የምለው በጦርነቱ ምክንያት ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ለፋሲካ ሽር ጉድ በሚባልበት በቅዳም ሹር የተጀመረው ውጊያ ገበያውንም ሰፈሩንም በተነው።

ልጅ የያዘች ሴት የምትፈራው አንድ ቀን አለ። ልጁ ይወድቃል። መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ቀጥሎ ያስመልሰዋል፣ ማታ ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። «መዳም፣ ከአልጋ ነው የወደቀው» ትላለች። መዳም አልጋውን ታያለች፤ ከጉልበት ከፍ አይልም። ልጁን ታያለች። ከዚያ ወደ ሞግዚቷ ትዞራለች። ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ፣ ሥራ መቀጠል ወይም መባረር፣ አንዳንዴም ፖሊስ ጣቢያ መሄድ፣ በአንድ ጥያቄ ላይ ይንጠለጠላል፦ ከዚህ ከፍታ መውደቅ ይህን ያህል ይጎዳል ወይ?

ጥያቄው የሐኪም ይመስላል። ሐኪም ግን የሚያየው ውጤቱን ነው። ጉዳቱን ያደረሰው ኃይል ምን ያህል እንደነበር፣ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ፣ በስንት ሺኛ ሴኮንድ ውስጥ እንዳለቀ የሚያሰላው መሐንዲስ ነው። ድልድይ በስንት ኩንታል እንደሚሰበር የሚጠይቀው ሙያ፣ ባለፉት ሰማንያ ዓመታት የሕፃን የራስ ቅል በምን ያህል እንደሚሰነጠቅ፣ የሕፃን ዓይን በምን ያህል እንደሚደማ መጠየቅ ጀምሯል። (ከዚህ በታች ያሉት የውጭ ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከቀላሉ ሒሳብ እንጀምር። የሱዳን ቤት ውስጥ የማይጠፋው አልጋ አንገሬብ ነው፤ እንደኛ የጠፍር አልጋ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ በገመድ ወይም በጠፍር የተወጠረ። ከፍታው ግማሽ ሜትር ያህል ነው እንበል። ከዚያ የሚወድቅ ጭንቅላት መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሙቀት ወራት ቤተሰብ ከሚተኛበት ሦስት ሜትር ከፍታ ካለው ሰገነት ከሆነ ደግሞ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ። ነገር ግን ፍጥነት ብቻውን ማንንም አይገድልም፤ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበር ሕፃን እንቅልፉን ይተኛል። የሚጎዳው አቋቋሙ ነው። ጭንቅላቱ ፍጥነቱን በስንት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ጨረሰ?

እዚህ ላይ ፊዚክስ ለማንም የሚገባ ቀመር ትሰጣለች። የወደቀበትን ከፍታ ለቆመበት ርቀት አካፍሉ፤ የሚመጣው ቁጥር ጭንቅላቱ በአማካይ ከራሱ ክብደት ስንት እጥፍ የሆነ ኃይል እንደተሸከመ ይነግራችኋል። ልጁ ከግማሽ ሜትር ወድቆ አምስት ሴንቲ ሜትር በሚሰምጥ ልቅ አሸዋ ላይ ቢያርፍ 50 ሲካፈል ለ5፣ አሥር እጥፍ። ያው ልጅ ከዚያው አልጋ ሴራሚክ ላይ ቢያርፍና ቆዳውም አጥንቱም ተጨምቀው የሰጡት ርቀት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን፣ መቶ እጥፍ። ከፍተኛው ቅጽበታዊ ኃይል ደግሞ ከአማካዩ በእጥፍ ሊበልጥ ይችላል። አልጋው አንድ፣ ልጁ አንድ፣ ሞግዚቷም አንድ፤ የተለወጠው ወለሉ ነው።

በዚህ ዓይን ሲታይ የሳጃና ገበያ ለየት ያለ ገጽታ አለው። የድሮው የካርቱም ሐውሽ፣ ግቢው ማለት ነው፣ አፈርና አሸዋ ነበር፤ ልጅ ሲወድቅ አቧራ ለብሶ ይነሳል። ገንዘብ የተገኘ ዕለት ባለቤቱ ሳጃና ሄዶ ሴራሚክ ይመርጣል፣ ከሥሩ ኮንክሪት ይሞላል፣ ለጽዳት ይመቻል ይባላል። እውነትም ይመቻል። በሕፃን ጭንቅላት በኩል ግን ቤቱ ዘመናዊ በሆነ ቁጥር ወለሉ እየከፋ ሄደ። አዲስ አበባም ከዚህ የተለየ ታሪክ የላትም፤ ከጭቃ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም የገባ ቤተሰብ ከፍታውንም ጥንካሬውንም አብሮ ነው የተረከበው። ምንጣፍ ትንሽ ያግዛል። አንድ ሴንቲ ሜትር የምትሰምጥ ምንጣፍ የቅድሙን መቶ እጥፍ ወደ 33 ታወርደዋለች። ይህን ካሰላሁ ወዲህ የሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ወለሉን ነው።

እስካሁን ጭንቅላቱን እንደ ድንጋይ ቆጥረን ነው ያሰላነው። የሕፃን ጭንቅላት ግን ድንጋይም አይደለም፣ የአዋቂ ጭንቅላትም አይደለም። አዲስ የተወለደ ልጅ ከቁመቱ ሩብ የሚሆነው ራሱ ነው፤ አዋቂ ላይ ስምንተኛ ይሆናል። ስለዚህ የሚዛኑ ነጥብ ከፍ ያለ ነው፤ በበረንዳ ዘንግ ላይ ያዘነበለ የሁለት ዓመት ልጅ በእግሩ ሳይሆን በራሱ ቀድሞ የሚወርደው ለዚህ ነው። የአዋቂ የራስ ቅል በሁለት ጠንካራ ሽፋኖች መካከል ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው አጥንት የያዘ ሦስት ድርብ ነው። የሕፃኑ አንድ ስስ ንጣፍ ብቻ፤ ንጣፉም ገና አንድ ላይ አልተጋጠመም። በመካከሉ ለስላሳ መጋጠሚያዎች አሉ፤ ከግንባር በላይ የሚገናኙበት ቦታ እናቶቻችን ቅቤ የሚቀቡት እርግብግቢት ነው። በአብዛኛው ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ይገጥማል። ቅቤው ለምን እንደሚጠቅም እነሱ ያውቃሉ፤ ለመውደቅ ግን አይረዳም።

ይህን መጋጠሚያ በመሣሪያ ወጥረው የለኩት በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ብሪታኒ ኮትስ እና ሱዛን ማርጉሊስ ናቸው። ሁለቱም መሐንዲሶች ናቸው፤ ኮትስ ኋላ ዩታ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሕፃናትን የራስና የዓይን ጉዳት የሚያጠና የራሷን ላቦራቶሪ አቋቋመች። በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ በሞት ከተለዩ ሕፃናት የተገኙ ትናንሽ የአጥንትና የመጋጠሚያ ቁራጮችን በመውደቅ ጊዜ ባለው ፍጥነት አጎበጡና ሰበሩ። ውጤቱ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ መጋጠሚያው ከመበጠሱ በፊት ከሕፃን አጥንት 30 እጥፍ፣ ከአዋቂ አጥንት ደግሞ 243 እጥፍ ይለጠጣል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ምን እንደሚያስብ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ቁጥሩ ግን ሌላ በር ከፈተ። አዋቂ ሲመታ ቅሉ ኃይሉን ይመክታል ወይም ይሰበራል። ሕፃን ሲመታ ቅሉ ቅርጹን ይለውጣል፣ ያ የቅርጽ ለውጥ ደግሞ በቀጥታ ወደ አንጎል ይተላለፋል። ከውጭ ስብራት የሌለበት ልጅ ከውስጥ አልተጎዳም ማለት አይቻልም።

ከዚያ አሻንጉሊት ሠሩ። የሕፃን ክብደትና መጠን ያለው፣ አንገቱ እንደ ሕፃን አንገት የሚልፈሰፈስ፣ ራሱ በተለኩት የመጋጠሚያ ጠባዮች ልክ የተሠራ፣ ውስጡ የእንቅስቃሴ መለኪያ የተቀበረበት። በ2008 በታተመው ሥራ ይህን አሻንጉሊት ከ30፣ ከ60 እና ከ90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ በፍራሽ፣ በምንጣፍና በኮንክሪት ላይ ደጋግመው ጣሉት። ከ30 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ማለት ከእኛ የቤት ዕቃ ጋር ሲተያይ ከመደብ እስከ ጠረጴዛ ነው። ሞግዚቷ «ከአልጋ ነው» ያለችው በዚህ መካከል ይገባል። መሐንዲሶቹ መልሰው የሚጠይቋት ደግሞ፦ በምን ላይ? ራሱ ቀደመ ወይስ ጀርባው?

ከሁሉ በላይ ያከራከረው ጉዳይ ግን ዙረት ነው። ኤ. ኤች. ኤስ. ሆልቦርን የሚባል የኦክስፎርድ ፊዚክስ ሊቅ በ1943 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ጦርነት ነበር፤ በሞተር ሳይክል መልእክት የሚያደርሱ ወታደሮች በራስ ጉዳት እያለቁ ነበር። ሆልቦርን በራስ ቅል ቅርጽ ባለው ሰም ውስጥ ጄላቲን ሞላና አሽከረከረው። የደረሰበት ድምዳሜ፦ አንጎል በቀጥታ ሲጨመቅ እምብዛም አይጎዳም፣ ምክንያቱም እንደ ውኃ መጠኑ አይቀንስም። ጭንቅላቱ በድንገት ሲዞር ግን ቅሉ ቀድሞ ይዞራል፣ አንጎሉ ወደ ኋላ ይቀራል፣ በመካከሉ ያለው ሥጋ ይሸረከታል፣ አንጎልን ከላይኛው ሽፋን ጋር የሚያያይዙት ደም ሥሮች ይበጠሳሉ።

ዓለም ግን ለረጅም ጊዜ የለካው ሌላ ነገር ነው። ዲትሮይት በሚገኘው ዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ባለሙያው ጉርጂያንና መሐንዲሱ ሊስነር የአዋቂ አስከሬኖችን ጭንቅላት እየጣሉ የስብራት ድንበር ሠሩ። የመኪና ደህንነት ሕግ የሚመራበት የራስ ጉዳት መለኪያ ከዚያ ድንበር ነው የተወለደው። ቀጥታ ግጭትን ይለካል፣ ዙረትን አያውቅም። በአሜሪካ ሕግ፣ በዚህ መለኪያ፣ ለአዋቂ አሻንጉሊት የተፈቀደው ጣሪያ 700 ነው፤ ለሦስት ዓመት ልጅ 570፣ ለአንድ ዓመት ሕፃን 390። የልጆቹ ቁጥሮች በአብዛኛው ከአዋቂው ቁጥር ወደ ታች በስሌት የተመነዘሩ ናቸው። መመንዘር የሚያዋጣው ዕቃው አንድ ሲሆን ነው። የሕፃን አንጎል ደግሞ ውኃው ይበዛል፣ የነርቮቹ ቅባታም ልባስ ገና ተሠርቶ አላለቀም፣ ቅሉም ይታጠፋል።

አሁን ወደ ዴሟ ሞግዚት እንመለስ፤ ታሪኩ በቀጥታ ይመለከታታልና። በ1968 ትውልደ ፓኪስታናዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም አዩብ ኦማያ ከኋላ በመኪና የተገጨ ሰው ምን እንደሚሆን ለማወቅ ዝንጀሮዎችን በጋሪ ላይ አስቀምጦ አስፈነጠራቸው። ራሳቸው ምንም ሳይነካው፣ በመወዛወዝ ብቻ፣ አንጎላቸው የደማ ነበሩ። ሦስት ዓመት ቆይቶ በእንግሊዝ አገር ሐል ከተማ የሚሠራው ኖርማን ጉትኬልች ይህን አንብቦ አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ ቁስል ሳይኖርባቸው በአንጎላቸው ዙሪያ ደም የሚገኝባቸው ሕፃናት ምናልባት በንዴት ተይዘው የተናጡ ይሆናሉ። ሐሳቡ «የተናጠ ሕፃን» የሚል ስም ወጣለትና ወደ ፍርድ ቤት ገባ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል፤ መሠረቱ ያደጉ ዝንጀሮዎች ላይ የተሠራ የመኪና አደጋ ሙከራ ነው።

በ1987 አን-ክሪስቲን ዱሄም የተባለች የአንጎል ቀዶ ሐኪም ከመሐንዲሱ ከሎረንስ ቲቦ ጋር ሆና የአንድ ወር ሕፃን የሚያህል አሻንጉሊት አስነቀነቀች፣ አስመታችም። መምታቱ ከመናጡ ወደ 50 እጥፍ የሚጠጋ የፍጥነት ለውጥ ሰጠ። ከዚያ የመነጨው ክርክር እስካሁን አልበረደም። አንዱ ወገን እንዲህ ከሆነ መናጥ ብቻውን አይገድልም አለ። ሌላው አሻንጉሊቱ አንገቱ ላስቲክ ነው፣ ድንበሩም ከዝንጀሮ የተመነዘረ ነው አለ። ሁለቱም የሚያስኬድ ነጥብ ነበራቸው፤ ለዚህም ነው ማርጉሊስ ምንዛሬውን ትታ ዕድሜያቸው ከሦስት እስከ አምስት ቀን በሆኑ የአሳማ ግልገሎች ላይ መሥራት የጀመረችው፤ አንጎላቸው ከሕፃን አንጎል ጋር በዕድገት ይቀራረባልና። የግልገሎቹ ጭንቅላት ተመሳሳይ ዙረት ሲዞር፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሆነው ዙረት ወደ ጎን ከሚያዘነብለው ይልቅ የከፋ ሆኖ ተገኘ። አቅጣጫም ይቆጠራል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ በችሎት ፊት ምን እንደሚመስል ዓለም ያየው በ1997 ነው። ሉዊዝ ውድዋርድ የምትባል የ19 ዓመት እንግሊዛዊት ሞግዚት፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ትይዘው የነበረ የስምንት ወር ሕፃን በመሞቱ ተከሰሰች። መሐንዲሱ ቲቦ ለተከላካይ ወገን ምስክር ሆኖ ቀረበ። ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች (ጁሪው) በግድያ ጥፋተኛ አሏት፤ ዳኛ ሂለር ዞቤል ብይኑን ወደ ቀለለው ባለማሰብ መግደል ለውጦ 279 ቀን በእስር የቆየችው ይበቃታል አለ። ልጁ ምን ሆኖ እንደሞተ ዛሬም ሰዎች አይስማሙም። እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላው ነው። በሰው አገር የሰው ልጅ የያዘች ወጣት፣ ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን የነበረች፣ የተናገረችው ብቻ ማስረጃዋ የሆነ። ከዴም የሚወጡት ሴቶች ሁሉ እዚያ ወንበር ላይ ሊቀመጡ ይችሉ ነበር፤ ለእነሱ የሚመሰክር መሐንዲስ ግን ከየት ይመጣል?

ሳይንሱ ለሁለቱም ወገን ያለውን ሳልደብቅ ላስቀምጥ። ከአጭር ከፍታ መውደቅ ሕፃን መግደሉ እጅግ ብርቅ ነው። በ2008 ፔዲያትሪክስ ላይ የወጣ ግምገማ ከሜትር ተኩል በታች በመውደቅ የሚሞቱ ትናንሽ ልጆች በዓመት ከሚሊዮን ከአንድ ያንሳሉ ይላል። ስለዚህ «ከአልጋ ወደቀ» ተብሎ የሚመጣ በጠና የተጎዳ ልጅ ሐኪሙን ማጠራጠሩ ተገቢ ነው፤ ሕፃናት በእርግጥ ይደበደባሉ፣ ሁልጊዜም በሞግዚት አይደለም። በሌላ በኩል «ብርቅ» ማለት «የማይሆን» ማለት አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2009 «የተናጠ ሕፃን» የሚለውን ስያሜ ትቶ መንገዱን የማይወስን ሰፋ ያለ ስም እንዲተካ መክሯል። የስዊድን የሕክምና ምዘና ተቋም በ2016 ሐኪሞች ከመናጥ ጋር የሚያያይዟቸው ሦስት የተለመዱ ምልክቶች ብቻቸውን መናጥን ያረጋግጣሉ የሚለው እምነት ማስረጃው ስስ ነው ሲል ደመደመ። ሐሳቡን ያመነጨው ጉትኬልች ራሱ በእርጅናው ዘመን ፍርድ ቤቶች የሚጠቀሙበት መንገድ እንዳሳሰበው ተናግሮ በ2016፣ መቶ ዓመት ሞልቶት ሞተ። ምህንድስና ማን እንዳደረገው አይናገርም። ይሆናል፣ አይመስልም፣ በጣም ይከብዳል፤ የሚሰጠው መልስ ይኼ ነው። ስለዚህም በመጀመሪያው ሰዓት የሚመዘገበው ነገር፣ ከፍታው፣ ወለሉ፣ የቀደመው የአካል ክፍል፣ ከማንም ንዴት ይበልጥ ዋጋ አለው።

ከሦስቱ ምልክቶች አንዱ ዓይን ውስጥ ነው፤ በሬቲና ላይ የሚታይ የደም ነጠብጣብ። ጭንቅላት ሲወዛወዝ ዓይን ለምን ይደማል? የዓይን ኳስ ውስጡ በረጋ ጄል የተሞላ ነው፤ ከኋላው የተነጠፈው ሬቲና ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን ነው። አዋቂ ላይ ጄሉ ከዕድሜ ጋር ይቀጥናል፣ ከሬቲናውም ቀስ እያለ ይላቀቃል። ሕፃን ላይ ግን አጥብቆ ይዞታል። በደንብ ባልተሟሸ ምጣድ ላይ የተጋገረ እንጀራ ሲነሳ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው ይገባዋል፤ ተጣብቆ የቀረው ቦታ ይቀደዳል። ኮትስና ባልደረቦቿ ዩታ ውስጥ ያደረጉት ይህንኑ መለካት ነው። ከበግና ከሰው ዓይን ጄሉን በመሣሪያ እየላጡ፣ ለመላጥ የሚያስፈልገውን ኃይል መዘገቡ። ኃይሉ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ በዕድሜም እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ ቁጥር ኮምፒውተር ላይ በተሠራ የሕፃን ዓይን ሞዴል ውስጥ ሲገባ፣ የትኛው እንቅስቃሴ የትኛውን የሬቲና ክፍል እንደሚያደማ መጠየቅ ይቻላል። የአዲስ የተወለደ ልጅ ዓይን ከፊት እስከ ኋላ 17 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የአዋቂ 24 ነው፤ ግድግዳውም የሳሳ ነው። እዚህም የአዋቂን መመንዘር አያዋጣም።

በሳጃና ግን ዓይን የሚጎዳው በመወዛወዝ ብቻ አልነበረም። ገበያው ውስጥ ፌሮ የሚይዝ ልጅ አይጠፋም ነበር። በያጁ በግራይንደር ይቆርጣል፤ ልጁ ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ ፍንጣሪ ሲነሳ ዓይኑን ይጨፍናል። የልጁ ዘዴ ሞኝነት አይደለም፣ ሌላ የተሰጠው የለምና። ሒሳቡ ግን አያዋጣውም። በጣም የተለመደው ትንሹ ግራይንደር ዲስኩ 115 ሚሊ ሜትር ነው፣ በደቂቃ 11,000 ጊዜ ይዞራል። የዲስኩ ጠርዝ በሴኮንድ 66 ሜትር ይሄዳል፤ በሰዓት 238 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ዲስኩ ቢሰበር ስባሪው የሚነሳው በዚህ ፍጥነት ነው፤ አንድ ሜትር ርቆ ያለ ፊት ጋ በ15 ሺኛ ሴኮንድ ይደርሳል። ዓይን ተጨፍኖ እስኪያልቅ አንድ አሥረኛ ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል።

ከዚህ ይልቅ የሚፈጥን ነገር ግን የእኛ ልጆች እጅ ላይ አለ። የቡሄ ሰሞን ጅራፍ ሲጮህ የሚሰማው ድምፅ ጅራፉ መሬት ወይም ሌላ ነገር መትቶ አይደለም፤ ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት፣ በሴኮንድ ከ340 ሜትር በላይ ስለሚያልፍ ነው። ያን ጅራፍ የያዘው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፣ ክብ ሠርተው የቆሙት ጓደኞቹም እኩዮቹ ናቸው። የአዲስ አበባው ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል የሚያውቃቸው የልጆች ጉዳቶች እንጨት፣ ድንጋይና ስለታም ነገር የሚበዛባቸው ናቸው፤ ጨዋታና ሥራ ባልተለያዩበት አገር ሌላ መጠበቅ አይቻልም። ጅራፉን ይከልከሉ አልልም። ክቡ ግን ከጅራፉ ርዝመት መስፋት አለበት፤ ይህን የሚለካ ታላቅ ወንድም በየሰፈሩ ይኖራል።

በቨርጂኒያ ቴክ ስቴፋን ዱማ የሚመራው ቡድን በ2005 ያሳየው ነገር ይህን ሁሉ በአንድ መለኪያ ይሰበስባል። ዓይንን የሚያጠፋው የዕቃው ክብደት ወይም ፍጥነት ብቻ ሳይሆን፣ ጉልበቱ ለሚያርፍበት ስፋት ሲካፈል የሚመጣው ነው። ኮርኒያ ለመላጥ በካሬ ሜትር 1,500 ጁል ገደማ ይበቃል፤ የዓይን ኳስ ለመፈንዳት ከ20,000 በላይ ያስፈልጋል። ስድስት ሚሊ ሜትር የሆነች የፕላስቲክ ጥይት የምትተኩስ የልጆች መጫወቻ ሽጉጥ እንውሰድ። ጥይቷ 0.12 ግራም ብትመዝንና በሴኮንድ 60 ሜትር ብትበር ከ7,000 በላይ ይመጣል። ዓይን አታፈነዳም፣ ግን መጫወቻ የሚለውን ስም አልፋለች። ትንሽ ብረት ከሆነች ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው።

ልጅ ላይ የሚጨመር አንድ መከራ አለ። እስከ ሰባትና ስምንት ዓመት አንጎል ማየትን ገና እየተማረ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ኮርኒያው ተቀዶ በደንብ ቢሰፋለትም፣ ጠባሳው ምስሉን ካደበዘዘው አንጎሉ ያንን ዓይን ችላ ይለዋል፤ ዓይኑ ድኖ ማየቱ ይጠፋል። አዋቂ በዚያው ቁስል ይህ አይደርስበትም። ስለዚህ የልጅ ዓይን ሕክምና ስፌቱ ሲያልቅ አያልቅም፤ መነጽሩና ደህናውን ዓይን እየሸፈኑ የታመመውን ማሠራቱ ዓመታት ይወስዳል። ከካርቱም በተሰደደ ቤተሰብ ውስጥ ይህን የሚከታተል ማን እንደሆነ አስቡት።

መከላከያው ተገኝቷል፣ ርካሽም ነው። ፖሊካርቦኔት የተባለው ፕላስቲክ በ1953 በጀርመኑ ባየርና በአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ፣ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ ተፈጠረ። ከእሱ የተሠራ የሥራ መነጽር በአሜሪካው ደረጃ የሚፈተነው ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል የሆነች የብረት ኳስ በሰዓት 164 ኪሎ ሜትር ተተኩሳበት ነው። ችግሩ መጠኑ ነው፤ ፈተናው የሚደረገው የአዋቂ ፊት ባለው ቅርጽ ላይ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ሲያደርገው አፍንጫው ላይ ይንሸራተታል፣ ከጉንጩ በታች ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል፤ ፍንጣሪ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይመጣል። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1999 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 182 ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ሰው እንዲህ ባለ አደገኛ ሥራ እንዳይሰማራ ይከለክላል። ክልከላውን የሚያስፈጽም እስኪመጣ ግን ልጁ ፌሮውን እንደያዘ ነው፤ ቢያንስ ለሱ ፊት የሚሆን ጠባብ መነጽር ይኑር።

ያው በያጅ ለልጆች ጭንቅላት ከማንም በላይ ሊያደርግ የሚችለው ግን የበረንዳውን ፍርግርግ ሲሠራ ነው። በብዙ አገሮች የግንባታ ደንብ በፍርግርግ ዘንጎች መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ኳስ ማለፍ የለበትም፤ ሕፃን ገላውን አሾልኮ ራሱ እንዳይቀረቀር ወይም ከነራሱ እንዳይወርድ። አግዳሚ ዘንግ ለልጅ መሰላል ስለሚሆን ዘንጎቹ የቆሙ ቢሆኑ ይሻላል። ቤት ሠሪው ብረት ለመቆጠብ 15 ሴንቲ ሜትር ይለዋል። ሦስት ሜትር ርዝመት ባለው በረንዳ ላይ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ዘንግ በ15 ክፍተት 18 ያህል ይቆማል፣ በ10 ክፍተት 26። ልዩነቱ ስምንት ዘንግ ነው፤ እያንዳንዱ አንድ ሜትር ቢሆን፣ ስድስት ሜትር ሆኖ ከሚሸጠው ብረት ሁለት አይሞላም።